በጥቅምት አንድ ቀን በሸለቆ ውስጥ፦ የክረምቱን ጎርፍ ፈለግ መከተል

ለልማት ሠራተኞችና ለገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

መግቢያ

እንደሚታወቀው በጥቅምት ወር ደጋው ጸጥ ይላል። አረሙ ታርሟል፤ አጨዳው ገና ነው። ለልማት ሠራተኛውም የዕረፍት ወቅት ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን ጎርፍ በክረምት ያደረሰው ጉዳት በግልጽ የሚታየው በእነዚህ ሳምንታት ነው። ኅዳር ላይ አጨዳ ይጀመራል፤ ከብትም በታጨደው ማሳ ላይ ይለቀቃል፤ ምልክቱም ይጠፋል። የተፋሰስ ሥራ በአብዛኛው የሚካሄደው በጥርና በየካቲት ስለሆነ፣ ቦታው አሁን ካልተለየ ያን ጊዜ በግምት ይሠራል።

ስለዚህ በሰሜን ሸዋ ደጋ ካሉት ሸለቆዎች በአንዱ ከገበሬዎች ጋር ያደረግነውን የአንድ ቀን ጉዞ በምሳሌነት እናቀርባለን።

1. ጠዋት፦ ከሸለቆው ግርጌ

ጤዛው ሳይረግፍ ከወንዙ ዳር ተነሣን። በቁጥቋጦው ላይ ተንጠልጥሎ የቀረው ገለባ ጎርፉ እስከ ጉልበት ደርሶ እንደነበረ ያሳያል። በጥቁሩ አፈር ላይ የአንድ አዛውንት ጤፍ እኩሌታው በደለል ተውጧል። አዛውንቱ ከላያቸው ያለውን ጎረቤታቸውን ወቀሱ፤ «እርከኑን ሳይጠግን ቀርቶ የዓመት ቀለቤን አስበላኝ» አሉ። ጉዳዩን ለሽማግሌ ለማቅረብ ተዘጋጅተው ነበር። እኛም «አባታችን፣ መጀመሪያ አብረን ወደ ላይ እንውጣ» አልናቸው።

2. እኩለ ቀን፦ ከወገቡ ላይ

የጎረቤታቸው ስንዴ ከማሳው ራስጌ አጭርና ቢጫ ነው፤ ሥሩም ተገልጧል። ከግርጌው፣ እርከኑ አፈር ባቆረበት በኩል ግን ረጅምና አረንጓዴ ነው። ይህ ልዩነት የአፈሩን መታጠብ ያመለክታል። እርከኑ በአንድ ቦታ ተንዷል። ባለ ማሳው «ጋሼ፣ ሁለት ጊዜ ጠግኜዋለሁ፤ በዚያው ይፈርሳል» አለ። ክርና ውኃ ልክ ዘርግተን ስንለካ የእርከኑ አናት በዚያ ቦታ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ከዚህም በላይ፣ ማሳው ከራሱ ያልሆነ ብዙ ውኃ ይቀበል እንደነበረ ከላይ የወረደው ቦረቦር መሰከረ።

3. ከሰዓት በኋላ፦ ከአናቱ

ቦረቦሩን ተከትለን ከገብሱ ማሳ በላይ ስንደርስ መነሻውን አገኘን። ከመንደሩ ቁልቁል የሚወርደው የከብት መንገድ የጋራውን ውኃ ሁሉ ሰብስቦ ወደ ማሳዎቹ ይለቃል። መንገዱ የሁሉም ስለሆነ ማንም አልጠገነውም። አዛውንቱ ጥቂት ዝም ብለው፣ «እኛ ስንካሰስ ውኃው መንገዱን አበጀ» አሉ።

4. መደረግ ያለበት

ሀ) ሥራው ከላይ ወደ ታች ይሠራ። በቅድሚያ የመንገዱ ውኃ በጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ይመለስ። የቦዩ ዝቅታ በ100 ሜትር ርዝመት ከ1 ሜትር አይብለጥ። መውጫው በሣር ወደ ተሸፈነ መውረጃ እንጂ ወደ ሌላ ሰው ማሳ አይሁን።

ለ) በቦረቦሩ ውስጥ የድንጋይ ክትር ይሠራ። የታችኛው ክትር አናት ከላይኛው ክትር እግር ጋር እኩል ከፍታ ይኑረው። ውኃው ጎኑን እንዳይሸረሽር የክትሩ መካከል ከዳርና ዳሩ ዝቅ ይበል።

ሐ) የተናደው እርከን በውኃ ልክ ተለክቶ ይጠገን። ያለ ልክ የተጠገነ እርከን በዚያው ቦታ ተመልሶ ይፈርሳል።

መ) እያንዳንዱ ቦታ በችካል ይመልከት፤ በመዝገብም ይስፈር። የጥሩን ሥራ ሲያከፋፍሉ ማኅበራት ማሳቸው የተጎዳባቸውን ብቻ ሳይሆን በመንገዱ የሚጠቀሙትንም ሁሉ ያሳትፉ።

ማሳሰቢያ

የልማት ሠራተኛው ይህን ጉዞ ብቻውን እንዳያደርግ እንመክራለን። የላዩና የታቹ ባለ ማሳ አብረው ካልሄዱ፣ የታችኛው ደለሉን፣ የላይኛው የተናደውን እርከን ብቻ ያያል። እኛ ማምሻውን ስንወርድ ሁለቱ ጎረቤታሞች ከፊታችን ሆነው ቦዩ በየት በኩል እንደሚያልፍ ይመካከሩ ነበር።