የሸክላ ምስል ሰብሳቢው ከሠሪዋ ስም ይጀምር

በሰኔ ወር 2017 ዓ.ም. ቤጂንግ በተካሄደ ጨረታ፣ ቁመቱ 131 ሳንቲ ሜትር የሆነ «ላቡቡ» የተባለ አሻንጉሊት 1.08 ሚሊዮን ዩዋን አወጣ፤ በጊዜው ምንዛሪ 150 ሺህ የአሜሪካ ዶላር ገደማ መሆኑ ነው። ፈጣሪው ሆንግ ኮንግ ተወልዶ ኔዘርላንድ ያደገው ሠዓሊ ካሲንግ ለንግ ነው። በዚያው ወር አምራቹ ፖፕ ማርት ትንንሾቹን ላቡቡዎች በብዛት ሲለቅ ግን፣ በውድ ገዝተው ያከማቹ ቸርቻሪዎች ዋጋው በእጃቸው ላይ ወረደባቸው። ትልቁን ያስወደደው የሠሪው መታወቅና የቁጥሩ ማነስ ነው፤ ፕላስቲኩማ ያው ፕላስቲክ ነው።

ይህ ለዳባትና ለደባርቅ ነጋዴም የሚሆን ሒሳብ ነው። ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ከከተማው ብዙም ሳይርቅ ወለቃ አለች። ወደ ሰሜን ተራሮች የሚሄደው ቱሪስት እዚያ እየቆመ አንበሳ፣ ቄስ፣ ወፍ፣ ንጉሥ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ በአንድ አልጋ የተኙበትን ጥቁር የሸክላ ምስል ሲገዛ ኖሯል። ሥራውን የጀመሩት የቤተ እስራኤል ሴቶች ናቸው። በእጅ እንጂ በመሽከርከሪያ ስለማይሠራ ሁለት ምስል አንድ አይሆንም።

ቤተ እስራኤላውያን በወገራና በሰሜንም ይኖሩ ነበር፤ ሴቶቹ ሸክላ ሲሠሩ ወንዶቹ ብረት ይቀጠቅጡ ነበር። ገበያተኛው ጀበናውን ይገዛል፣ ሠሪዋን ግን «ቡዳ» እያለ ይሸሻል። እንዲህ የምትታይ ሴት ስሟን ከሥራዋ ግርጌ ብትጽፍ ገዢ ማባረር ነበር። ዛሬ ሰብሳቢው ፈልጎ የሚያጣው ያንኑ ስም ነው።

በ1977 ዓ.ም. ብዙዎቹ በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል ተወሰዱ። በግንቦት 1983 ደግሞ በሁለት ቀን ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ወለቃ ላይ ሙያውን የያዙት በአመዛኙ ክርስቲያን ጎረቤቶች ናቸው። ሥራቸው መናቅ የለበትም፤ ነገር ግን አዲሱን ምስል «የድሮ የቤተ እስራኤል ሥራ ነው» ብሎ መሸጥ ማታለል ነው። ጥቁረቱ የዕድሜ ማስረጃ አይሆንም፤ ሸክላ በጢስ ታፍኖ በአንድ ቀን ይጠቁራል። ከ1983 በፊት የተሠራ ነው ለተባለ ዕቃ መቼና ከማን እንደተገዛ የሚያሳይ ደረሰኝ፣ ደብዳቤ ወይም ፎቶግራፍ ካልቀረበ በአዲስ ዋጋ መግዛት ይሻላል። እንዲህ ያለ አሮጌ ዕቃ ወደ ውጭ ለመላክ ያሰበም አስቀድሞ የቅርስ ባለሥልጣንን ይጠይቅ፤ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል።

በአዲሱ ሥራ ላይ ነገሩ ይቀላል። ጭቃው ሳይደርቅ ሠሪዋ በእሾህ ጫፍ ስሟን፣ ዓመተ ምሕረቱንና የምስሉን ተራ ቁጥር ከግርጌ ትጭራለች። ማንበብና መጻፍ ካልቻለች የራሷን ምልክት ታድርግ። ወጪ የለውም። ዋሊያ በዓለም ላይ ከሰሜን ተራሮች በቀር የትም የለም፤ አንዲት ሴት 20 ዋሊያ ብቻ ሠርታ ከአንድ እስከ 20 ብትቆጥራቸውና 21ኛውን ባትሠራ፣ ነጋዴው የሚሸጠው ሸቀጥ ሌላ ይሆናል። ችግሩ የሚነሳው ሃያዎቹ ቶሎ ሲያልቁ ነው። «ጥቂት ብትጨምሪስ» የሚል ደላላ አይጠፋም፤ የፖፕ ማርትን ቸርቻሪዎች ያከሰረው ይኸው ጭማሪ ነበር።

ጦርነቱ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ዳባት አካባቢ ደርሶ ነበር። በ2015 መጨረሻ በክልሉ ግጭት ከተነሳ በኋላም የቱሪስቱ እግር ሳስቷል። ስለዚህ ገዢው አዲስ አበባ ያለ ሰብሳቢ ወይም ውጭ አገር ያለ ወገን መሆኑ አይቀርም፤ ለእርሱ ደግሞ ዕቃው ሳይሰበር መድረስ አለበት። ከመግዛት በፊት በጣት ኳ ማድረግ ነው፤ የተሰነጠቀ ሸክላ ድምፁ የታፈነ ነው። ሲጫን በጭድ ይሞላ፤ የዋሊያው ቀንድ ለብቻው በጨርቅ ይጠቅለል፤ መጀመሪያ የሚሰበረው እርሱ ነው።