የወይን መሬት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ምን ይጠይቅ?

ሰሞኑን ሰንጋ ተራ፣ ከባንኮቹ ሕንፃዎች ሥር ካሉት ቡና ቤቶች በአንዱ ውስጥ አንድ ደላላ አግኝቶኝ፣ «ደንበኛዬ የወይን እርሻ ሊከፍት ነው፤ የሚያቃጥል ቆላ መሬት ፈልግልኝ ብሎኛል» አለኝ። ለምን ቆላ እንደሆነ ብጠይቀው «ወይን ፀሐይ ይወዳላ!» ሲል መለሰልኝ። አባባሉ ግማሽ እውነት ነው። በግማሽ እውነት መሬት የገዛ ባለሀብት ግን ሙሉ ካፒታሉን ሊያጣ ይችላል። የዛሬው የገበያ ትምህርታችንም በዚሁ ላይ ያተኩራል።

ስኳርና አሲድ

የወይን ፍሬ ሲበስል ስኳሩ ይጨምራል፤ የኮመጠጠ ጣዕም የሚሰጠው አሲድ ደግሞ ይቀንሳል። በአንድ ሊትር ጭማቂ ውስጥ ያለ 17 ግራም ያህል ስኳር ሲብላላ 1 በመቶ ገደማ አልኮል ይወጣዋል። ሙቀት ሲበዛ ስኳሩ ቶሎ ይሞላል፣ አሲዱ ግን ያልቃል። ውጤቱ አልኮሉ ከባድ፣ ጣዕሙ ግን ሕይወት የሌለው ወይን ጠጅ ነው። ብርድ ሲበዛ ደግሞ ፍሬው ይኮመጥጣል። የሰሜን ፈረንሳይዋ ሻምፓኝ ይህንኑ ኮምጣጣ ፍሬ አረፋ ላለው ወይን ጠጅ አውላ ስም አትርፋበታለች። ስለዚህ ተፈላጊው ቀኑ ፀሐያማ፣ ሌሊቱ ቀዝቃዛ የሆነ ቦታ ነው።

ከፍታ ያዳነው አገር

የታወቁት የዓለም የወይን አገሮች በአብዛኛው ከምድር ወገብ በሰሜንም በደቡብም ከ30 እስከ 50 ዲግሪ ባለው ክልል ይገኛሉ። ቦርዶ 45ኛው ዲግሪ አካባቢ ነው። የእኛዋ ዝዋይ (ባቱ) ግን 8ኛው ዲግሪ ላይ ናት። ታዲያ ወይን እንዴት በቀለባት? መልሱ ከፍታዋ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 1,640 ሜትር ገደማ ትገኛለች፤ በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ስለሚቀንስ፣ በባሕር ጠለል ላይ ካለ ተመሳሳይ ቦታ 10 ዲግሪ ያህል ትቀዘቅዛለች። አባቶቻችን ከ1,500 እስከ 2,300 ሜትር ገደማ ያለውን አገር «ወይና ደጋ» ያሉት በከንቱ አይደለም። ስሙ ራሱ ወይን የሚስማማውን ቦታ ይናገራል።

መቀሱ እንደ ቀን መቁጠሪያ

በአውሮፓ የወይን ተክል በብርዱ ወራት ያንቀላፋል። እኛ ዘንድ እንቅልፍ የለውም፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ሊያፈራም ይችላል። ወቅቱን የሚወስነው ገበሬው ቅርንጫፉን የሚገርዝበት ቀን ነው። ፍሬው በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ከበሰለ ይሻግታል፤ ውኃ ጠጥቶም ጣዕሙ ይሳሳል። ስለዚህ ለቀማው በበጋ እንዲውል ወደ ኋላ ተቆጥሮ ይገረዛል፤ በበጋ የጎደለውን ውኃ መስኖ ይሞላል። የደቡብ አፍሪካዋ ኬፕ ዝናቧን በብርዱ ወቅት ስለምታገኝ ይህ ጣጣ ይቀልላታል።

ገንዘቡ ስንት ዓመት ይታሰራል?

የፈረንሳዩ ካስቴል ኩባንያ ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካበርኔ ሶቪኞንና ሻርዶኔ በዝዋይ መትከል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ገደማ ነው። «አካሺያ» እና «ሪፍት ቫሊ» የተባሉት ምርቶቹ ገበያ የወጡት ግን በ2014 ነው። ሰባት ዓመት ገደማ መሆኑ ነው! በአንጻሩ በ2013 አዋሽ ወይን ጠጅን ከመንግሥት የገዙት ባለሀብቶች «ጉደር» እና «አክሱማይት»ን የመሰሉ ስም ያላቸው ምርቶችን ከነገበያቸው ተረክበዋል። በባንክ ብድር ለሚተክል ሰው ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

እንግዲህ መሬቱን ከማየትዎ በፊት አራት ጥያቄ ይጠይቁ። ከፍታው ስንት ነው? ሌሊቱ ይቀዘቅዛል? ዝናቡ በየትኛው ወር ያበቃል? የበጋው ውኃ ከየት ይመጣል? አምስተኛው ጥያቄ ለራስዎ ነው፦ ያለ ገቢ ስንት ዓመት መቆየት ይችላሉ?

ለደላላው ወዳጄም ይህንኑ ነግሬዋለሁ። «እንግዲያው ቆላውን ትቼ ወይና ደጋ ልፈልግለት» ብሎ ሂሳቡን ከፍሎልኝ ሄዷል። ሳምንት በሌላ የገበያ ትምህርት እንገናኝ።