ጥርሱ ተነቅሎም ህመሙ ለምን አይሄድም?

በውስጥ መስመር ደጋግሞ የሚደርሰኝ ጥያቄ አለ፦ «ዶክተር፣ ጥርሴን አስነቀልኩ፤ ህመሙ ግን እዚያው ነው።» መልሱ አንዳንዴ አፍ ውስጥ ሳይሆን የአንጎል ግንድ ላይ ነው።

የአንጎል ግንድ የምንለው ትልቁን አንጎል ከህብለ ሰረሰር ጋር የሚያገናኘውን ክፍል ነው። ከመንጋጋ፣ ከጥርስና ከፊት የሚነሳው ስሜት በአብዛኛው ትራይጀሚናል በሚባለው ነርቭ በኩል እዚያ ይገባል። ሲገባ እንደየዓይነቱ ይለያያል፦ ንክኪ በአንድ በኩል፣ ህመምና ሙቀት በሌላ በኩል፣ መንጋጋው ምን ያህል እንደተከፈተና ጥርስ ላይ ምን ያህል ጫና እንዳረፈ የሚናገረው ደግሞ ለብቻው።

ይቺ የመጨረሻዋ ሁሌም ትገርመኛለች። ምስር ወጥ እየበላችሁ ድንገት ጠጠር ስትነክሱ መንጋጋችሁ ቀጥ ይላል አይደል? ገና «ጠጠር ነው» ብላችሁ ሳታስቡ! ጥርስ ስር ያሉት ነርቮች ጫናውን ለአንጎል ግንድ ይነግራሉ፤ እሱም ትልቁን አንጎል ሳይጠብቅ የሚነክሱትን ጡንቻዎች ያስቆማቸዋል። ይህ ባይኖር ስንት ጥርስ በተሰበረ።

የህመሙ ክፍል ግን እንዲህ ጥንቁቅ አይደለም። ከአንጎል ግንድ እስከ ላይኛው አንገት ድረስ የሚወርድ ረጅም መስመር ነው። ከጥርስ፣ ከጆሮ፣ ከመንጋጋ መገጣጠሚያና ከአንገት የሚመጡ ነርቮች እዚያ ይደራረባሉ፤ አንጎልም ህመሙ ከየት እንደተነሳ ይምታታበታል። ጆሮዬን አመመኝ ያለኝ ሰው ጆሮው ንጹህ ከሆነ «እስቲ አፍህን ክፈት» የምለው ለዚህ ነው።

ፊት ስትታጠቡ፣ ጥርስ ስትፋቁ ወይም ንፋስ ሲነካችሁ በአንድ በኩል ብቻ እንደ ኤሌክትሪክ ለሰከንዶች ነዝሮ የሚተው ህመም ከሆነ ደግሞ ችግሩ የነርቩ የራሱ ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ነርቩ አንጎል ግንድ ውስጥ የሚገባበት ቦታ ላይ የደም ስር ሲጫነው የሚመጣ ነው። ካርባማዜፒን የሚባል በሐኪም የሚታዘዝ መድኃኒት አለው፤ ጥርስ መንቀል አያድነውም። ስለዚህ ጥርሱ በምርመራና በራጅ ሳይታይ አታስነቅሉ።

አንድ ነገር ግን ቀጠሮ አይጠብቅም። የልብ ህመምም መንጋጋ ላይ ሊሰማ ይችላል፤ በተለይ ሴቶችና የስኳር ታማሚዎች ላይ ደረት ሳያም ሊመጣ ይችላል። ዳገት ወይም ደረጃ ስትወጡ የሚመጣ፣ ስታርፉ የሚቀል የመንጋጋ ህመም ካለ ቶሎ ሐኪም ይይልብ መርመራ ያድርግላችሁ። ላብ፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ማቅለሽለሽ ወይም የደረት መጨነቅ አብሮ ከመጣ ግን ጥርስ ክሊኒክ ሳይሆን ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ፤ በሌሊትም ቢሆን።