የካራቫን ግድግዳ፦ አሉሚኒየም ወይስ ፋይበር ግላስ?

ጥያቄ፦

የምንኖረው ፍራንክፈርት አጠገብ ነው። እኔና ባለቤቴ ከሁለት ልጆቻችን ጋር የምንወጣበት ያገለገለ ካራቫን ለመግዛት አስበን ሁለት አይተናል። አንደኛው የ1998 ሥሪት ሲሆን ግድግዳው አሉሚኒየም ነው። ሁለተኛው የ2009 ነው፤ ሻጩ «ፋይበር ግላስ ነው፣ አይበሰብስም፣ ይሞቃል» ይላል፤ ዋጋው ግን የመጀመሪያውን እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። በታኅሣሥና በጥር ወደ አልጎይ ተራሮች ልንወስደው ስለምንፈልግ ብርዱ ያሳስበናል። የትኛው ይሞቃል? የትኛውስ ይበረክታል? ባለቤቴ ደግሞ ርካሹን ገዝተን ከውስጥ ተጨማሪ ፎም ብንለጥፍበትስ ይላል።

አንባቢያችሁ፣ ከጀርመን

መልስ፦

ሻጩ «ፋይበር ግላስ ስለሆነ ይሞቃል» ያለዎትን ይተዉት። ከውጭ የሚታየው ቆዳ ለሙቀት የሚጨምረው ነገር የለም ማለት ይቻላል። አሉሚኒየሙ ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ ላሜራ ነው፤ ፋይበር ግላሱም ቢበዛ ሁለት ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ብርዱን የሚያግደው በዚያ ቆዳና ከውስጥ ባለው ስስ ኮምፔንሳቶ መካከል ያለው ፎም ነው። የአብዛኛው ካራቫን ግድግዳ ደግሞ ሁሉም ተደምሮ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ቢሆን ነው።

በጭቃ ወይም በድንጋይ ቤት ያደግን ሰዎች ከግድግዳ የምንጠብቀው ነገር ሌላ ነው። ወፍራም ግድግዳ ቀን የሰበሰበውን ሙቀት ሌሊት ይመልሳል። የካራቫን ግድግዳ ግን የሚያጠራቅመው ሙቀት የለም፤ ማሞቂያው ሲበራ ቶሎ ይሞቃል፣ ሲጠፋም ቶሎ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ መጠየቅ ያለብን ሙቀቱ በምን ያህል ፍጥነት ያመልጣል ብለን ነው።

ነጩ ባለ ፍሬ ፎም፣ ጀርመኖቹ ስታይሮፖር የሚሉት፣ በ3 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ውጭና ውስጥ በአንድ ዲግሪ ሲለያዩ በካሬ ሜትር 1 ዋት ገደማ ያሳልፋል። ፖሊዩሬቴን የሚባለው ፎም በዚያው ውፍረት የሚያሳልፈው 0.75 ዋት አካባቢ ነው። ኤክስ ፒ ኤስ የሚባለው ጠጣር ፎም ለሙቀት ከነጩ በጥቂቱ ብቻ ይሻላል፤ ትልቁ ጥቅሙ ውሃ የማይጠጣ መሆኑ ነው። በፎሙ መሐል የሚያልፈው የእንጨት ማገር ግን ከፎሙ አራት እጥፍ ያህል ሙቀት ያሳልፋል። ማገሩ አሉሚኒየም ከሆነ ደግሞ ይብሳል። ከ1930ዎቹ ጀምሮ በአሜሪካ የሚሠራው ኤርስትሪም፣ ያ የሚያብረቀርቀው ካራቫን፣ በጥንካሬው ስሙ የገነነ ነው፤ በብርድ ግን የአሉሚኒየም ማገሮቹ ቅዝቃዜን ቀጥ አድርገው ወደ ውስጥ ስለሚያመጡ ግድግዳው በጤዛ ይርሳል። መስኮቶቹንም አይርሱ፤ ባለ ሁለት ንብርብር የፕላስቲክ መስኮት እንኳ ከግድግዳው በእጥፍና ከዚያ በላይ ሙቀት ያሳልፋል።

ለሙቀት መመዘኛ ከፈለጉ የሻጩን ቃል ሳይሆን የፋብሪካውን ወረቀት ይመልከቱ። ኢኤን 1645-1 የሚባለው የአውሮፓ ደረጃ ካራቫኖችን በሦስት ይከፍላል። ደረጃ 3 የሚሰጠው፣ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ላይ ቀዝቅዞ የቆየ ካራቫን በአራት ሰዓት ውስጥ ወደ 20 ዲግሪ መሞቅ ሲችልና አማካይ የሙቀት ብክነቱ በአንድ ዲግሪ ልዩነት በካሬ ሜትር ከ1.2 ዋት ሳይበልጥ ነው። ለአልጎይ ጥር ይህን ይፈልጉ። አሉሚኒየም ለብሰው ደረጃ 3 ያገኙ አሉ፤ ፋይበር ግላስ ለብሰው ያላገኙም አሉ።

አሁን ወደ ጥንካሬው እንምጣ፤ ገንዘብዎ የሚድነውም የሚጠፋውም እዚህ ላይ ነው። ዝናብ ላሜራውን ሰንጥቆ አይገባም። የሚገባው በማዕዘኖቹ ላይ ባለው ረጅም ክፈፍ፣ በመስኮት ዙሪያና በኋላ መብራቶቹ በኩል ነው። ከክፈፉ ሥር ያለው ቡቲል የሚባል ለስላሳ ማሸጊያ በዓመታት ብዛት ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ውሃው በብሎኖቹ ቀዳዳ ጠብ ጠብ እያለ ማገሩ ውስጥ ይገባል። ማገሩ በላሜራና በፎም መካከል ስለታሸገ የሚደርቅበት አየር የለውም። እንጨቱ ሲለሰልስ ብሎኖቹ የሚጨብጡትን ያጣሉ፤ ክፈፉ ይላላል፤ የሚገባው ውሃም ይበዛል። ከዚያ ላሜራው ራሱ ከውስጥ በኩል መበላት ይጀምራል። አሉሚኒየም የሚጠበቀው አየር ሲነካው በሚሠራው ስስ ሽፋን ነው፤ ርጥብ እንጨት ተለጥፎበት ሲኖር፣ በተለይ የብረት ስቴፕል ሲነካው፣ ሽፋኑ መታደስ ያቅተዋል። በመጀመሪያ ከቀለሙ ሥር ትንንሽ እብጠቶች ይታያሉ፤ ቀጥሎ መርፌ የሚያሾልክ ቀዳዳ ይከፈታል። ጀርመኖቹ አሉፍራስ ይሉታል። የርጥብ ግድግዳ ጉዳቱ በዚህ አያበቃም፤ ውሃ ሙቀትን ከአየር ከሃያ እጥፍ በላይ ስለሚያሳልፍ የራሰ ግድግዳ ብርድንም አያግድም። ስለዚህ ሙቀትና ጥንካሬ ብለው የለዩዋቸው ሁለት ጥያቄዎች እዚህ ላይ አንድ ይሆናሉ፦ ግድግዳው ደረቅ ነው ወይ?

ፋይበር ግላስ በበኩሉ አይዝግም፣ አይበሰብስም፣ የበጋው ማዕበል የሚያዘንበውን ጠጠር በረዶም ከአሉሚኒየም በተሻለ ይችላል፤ ቢሰበር በሬዚን ይጠገናል። ድካሙ ከፎሙ ጋር በማጣበቂያ ብቻ መያያዙ ነው። ማጣበቂያው ሲለቅ ግድግዳው ይነፋል፤ በእጅ ሲጫኑት ይሰምጥና ይመለሳል። ይህን በወጉ መጠገን ሙሉ ግድግዳውን እስከ መፍታት ስለሚያደርስ ካራቫኑ ከሚያወጣው ገንዘብ ሊበልጥ ይችላል። ደግሞም ቆዳው አይበሰብስም ማለት ከሥሩ ያለው አይበሰብስም ማለት አይደለም። እንጨቱን ትተው የፖሊዩሬቴን ማገር ወደ መጠቀም የዞሩ ፋብሪካዎች የበዙት ከ2010ዎቹ ወዲህ ነው። የ2009ኙ ውስጡ እንጨት የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። ጣራው ብቻ ፋይበር ግላስ ሆኖ ጎኖቹ አሉሚኒየም የሆኑ ካራቫኖችም ብዙ ስለሆኑ «የትኛው ክፍሉ ነው ፋይበር ግላስ? ማገሩስ ምንድን ነው?» ብለው በጽሑፍ ያስመልሱ። አሉሚኒየሙ በጠጠር በረዶ ተጎድጉዶ ካዩት ግን አይደንግጡ። ጉድጓዱ መልክ ያበላሻል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ውሃ አያስገባም፤ እንዲያውም በዚህ ምክንያት ዋጋው የወደቀ ደረቅ ካራቫን ጥሩ ግዢ ነው።

የባለቤትዎን ሐሳብ አልደግፍም። ከውስጥ ፎም ሲለጠፍ የቀድሞው ኮምፔንሳቶ ከክፍሉ ሙቀት ተለይቶ ይቀዘቅዛል። አራት ሰው ተኝቶ የሚተነፍሰው፣ ከወጥና ከሻይ የሚወጣው እንፋሎት በስንጥቅ ሾልኮ ከአዲሱ ፎም ጀርባ ይገባና ውሃ ይሆናል፤ እዚያው ሻጋታ ያበቅላል፣ እርስዎም አያዩትም። ለዚያ የሚያወጡትን ገንዘብ ለወለል ምንጣፍና ከውጭ በኩል ለሚታሰር የመስኮት መሸፈኛ ያውሉት። የመቀመጫ ፍራሾቹንም ከግድግዳው ጥቂት ያርቁ፤ ሞቃት አየር ከጀርባቸው መዞር አለበት። ከ1957 ጀምሮ በስዊድን ካራቫን የሚሠራው ካቤ ለብርድ የተመሰገነው በፎሙ ብቻ አይደለም። የሙቅ ውሃ ቱቦ በግድግዳው ሥር ዙሪያውን ስለሚያልፍ ግድግዳው እየሞቀ ይደርቃል።

ለግዢው ሲሄዱ የእንጨት ርጥበት መለኪያ ይያዙ፤ ውድ ዕቃ አይደለም። በተቻለ መጠን ዝናብ በዘነበ ማግስት ይሂዱ። የማዕዘኖቹን ታችና ላይ፣ የመስኮቶቹን ሥር፣ የቁም ሳጥኖቹንና የፍራሽ ሥር ሳጥኖቹን ውስጥ ይለኩ። ከ15 በመቶ በታች መልካም ነው፤ ከ15 እስከ 20 የሚያጠራጥር ነው፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ውሃ እየገባ ነው። አንድ ጥግ ላይ ብቻ አዲስ ወረቀት ወይም አዲስ ሰሌዳ ከተለጠፈ ምን ሊሸፍን እንደተለጠፈ ይጠይቁ። በየዓመቱ የተደረገ ዲሽቲሽካይትስፕሩፉንግ፣ ማለትም የውሃ አለማስገባት ምርመራ፣ ወረቀቱ ካለ ለእኔ ከቆዳው ዓይነት ይበልጣል።

እንግዲህ ፍርዴ ይህ ነው። የ1998ቱ በሁሉም ጥግ ከ15 በመቶ በታች ካሳየ እሱን ይግዙና ከተረፈው ገንዘብ ላይ የማዕዘን ክፈፎቹን አስፈትተው በአዲስ ቡቲል ያሳሽጉ። የ2009ኙን እጥፍ ዋጋ ከፍለው የሚገዙት ደረቅ ሆኖ፣ ቆዳው ሳይላቀቅ፣ ደረጃ 3 መሆኑ በወረቀት ከተረጋገጠ ብቻ ነው። ሁለቱም ከ20 በላይ ካሳዩ ሁለቱንም ትተው ሌላ ይፈልጉ።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ። በወለሉና በጣራው ላይ ያሉት የአየር ቀዳዳዎች ብርድ ቢያስገቡም በጨርቅ እንዳይደፍኗቸው። የወለሉ ቀዳዳ የሚያመልጥ የማብሰያ ጋዝ መውጫ ነው፤ ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ወደ ታች ይወርዳል። ቡና በከሰል ማፍላት ካማረዎት ውጭ፣ ሜዳ ላይ ይሁን። ፍሙ የጋመ ምድጃ ወደ ካራቫኑም ሆነ ከጎኑ ወደሚተከለው ድንኳን አያስገቡ፤ የከሰል ጭስ ሳይታይና ሳይሸት የሚገድል ካርቦን ሞኖክሳይድ አለው። የዚህን ጋዝ ማስጠንቀቂያ ደወል ልጆቹ ከሚተኙበት አጠገብ ከመጀመሪያው ሌሊት በፊት ይግጠሙ።