በአየር ሁኔታ ምክንያት የታለፈ ማረፊያ፦ የመንገደኛው ስሜትና የእኛ ድርሻ

መግቢያ

እንደሚታወቀው ቱሪዝም ከሌላው ንግድ የሚለይበት አንዱ ጠባይ ዕቃው ወደ ገዢው የማይሄድ፣ ገዢው ራሱ ወደ ዕቃው የሚመጣበት መሆኑ ነው። ቤተ ጊዮርጊስን ጠቅልሎ ወደ ውጭ መላክ አይቻልም። ስለዚህ ገዢው መንገድ ላይ ከቀረ ቢከፍልም እንኳ የገዛውን አላገኘም፤ እኛም ያሰናዳነውን አላቀረብንም ማለት ነው።

ታዲያ ገንዘቡን ከፍሎ፣ ወራት ጠብቆ፣ ጫፉ ላይ ከደረሰ በኋላ «ጉም ስለሆነ አናርፍም» የተባለ መንገደኛ ምን ይሰማዋል? አንዱ ሲቆጣ ሌላው ለምን ዝም ይላል? በሰሜን ወሎ የምንኖርና ይህን ሙያ የምንማር ሰዎችስ ምን ማድረግ እንችላለን? ይህ ጽሑፍ በክፍል የተማርናቸውን ጽንሰ ሐሳቦች በራሳችን አካባቢ ጉዳይ ላይ በመሞከር ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ይፈልጋል። መከራከሪያው አጭር ነው፦ መንገደኛ ጉሙን ይቅር ይላል፤ ዝምታን ግን ይቅር አይልም።

ወደብ የዘለለ መርከብ

በሌላው ዓለም ይህ ጉዳይ በብዛት የሚነሳው ክሩዝ በሚባለው የመርከብ ጉብኝት ላይ ነው። መርከቡ በአንድ ጉዞ የተለያዩ ወደቦችን ለመጎብኘት ይነሳል፤ ነፋስ ሲበረታ ወይም ማዕበል ሲነሳ ግን ካፒቴኑ አንዱን ወደብ ዘሎ ያልፋል። በተለይ ትልቅ መርከብ ወደ ዳር መጠጋት በማይችልበትና መንገደኛው በትንንሽ ጀልባ ወደ የብስ በሚወሰድበት ቦታ ይህ ይበዛል። በደቡብ አትላንቲክ የምትገኘው የፎክላንድ ደሴቶች ዋና ከተማ ስታንሊ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናት፤ ነፋሱ ከጠነከረ ጀልባ ማውረድ ስለማይቻል መንገደኛው ከተማዋን ከሩቅ አይቶ ያልፋል።

በጉዞ ውሉ ላይ ካፒቴኑ ለደኅንነት ሲል ወደብ ሊዘል እንደሚችል አስቀድሞ ተጽፏል። በአብዛኛው ለመንገደኛው የሚመለስለት የወደቡ ክፍያና በመርከቡ በኩል የገዛው የዚያ ቀን ጉብኝት ዋጋ ነው። በግሉ ከውጭ አስጎብኚ ጋር የተዋዋለ ሰው ግን የሚያገኘው ውሉ ላይ እንደተጻፈው ነው፤ ካልተጻፈለት ገንዘቡ ሊቀር ይችላል።

አገራችን የባሕር ወደብ የላትም። ነገር ግን በሰሜኑ የታሪክ መስመር ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር፣ ከዚያ ወደ አክሱምና ላሊበላ በአውሮፕላን እየዘለለ የሚሄድ ጎብኚ ጉዞው ከክሩዝ ጋር በጣም ይመሳሰላል። ማረፊያዎቹ ወደቦቹ ናቸው። ልዩነቱ የክሩዝ መርከብ ሆቴሉን ይዞ የሚዞር መሆኑ ነው። ወደብ ቢያልፈው እንኳ መንገደኛው አልጋውም እራቱም አይጓደልበትም። የእኛ ጎብኚ ግን ላሊበላ ካላረፈ አልጋው እዚያ፣ እሱ ሌላ ቦታ ነው።

ላሊበላና ሰማዩ

የላሊበላ አሥራ አንድ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ መጀመሪያ ከሰፈሩት አሥራ ሁለት ቅርሶች መካከል ናቸው። አውሮፕላን ማረፊያው ከከተማው ወደ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ዙሪያውን ተራራ ነው። በአካባቢው ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከፍታ ከ4,200 ሜትር ይበልጣል። ድሮ ማረፊያው አፈር በነበረበት ዘመን በክረምት ይዘጋ ስለነበር ጥያቄው ቀላል ነበር፦ በክረምት በረራ የለም፣ አለቀ። አስፋልት ከሆነ በኋላ ግን መንገደኛው ዓመቱን ሙሉ መድረስ እንደሚችል ይጠብቃል። የተስፋው መስፋት ቅሬታውንም አሰፋው ማለት ይቻላል።

ወሎ ደግሞ ዝናቡ ሁለት ጊዜ ነው፤ ክረምትም በልግም አለ። በእነዚህ ወራት በተለይ ጠዋት ጠዋት ጉም በሸለቆው ላይ ሊተኛ ይችላል። አብራሪው እስከ ተወሰነለት ከፍታ ወርዶ ማኮብኮቢያውን ካላየ ተመልሶ መነሳት፣ ዞሮ መጠበቅ ወይም ወደ ሌላ ማረፊያ መሄድ ግዴታው ነው። ይህ የሱ ፍላጎት ሳይሆን የበረራ ደንብ ነው።

መንገደኛው ይህን ለማመን የሚቸገረው የሚያየው ሰማይ ሌላ ስለሆነ ነው። ቦሌ ላይ ቆሞ ጠራራ ፀሐይ እያየ «አየሩ መጥፎ ነው» ሲባል «የታለ?» ይላል። የሐራ ሰው ይህን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ሐራ ቆላ ነው፤ እዚያ ፀሐይ እያቃጠለ ቀና ሲሉ የደልብ ዳገት በጉም ተሸፍኖ ማየት ብርቅ አይደለም። በአንድ ሰዓትና በአንድ ዞን ውስጥ ሁለት ሰማይ አለ። ለመንገደኛው መነገር ያለበት የመጀመሪያው ነገርም ይኸው ነው፦ በረራውን የሚወስነው የተነሳበት ሰማይ ብቻ ሳይሆን የሚያርፍበትም ሰማይ ነው።

የመንገደኞች ስሜት

በክሩዝም ሆነ በአውሮፕላን ማረፊያ የታለፈ መንገደኛ የሚያሳያቸውን ስሜቶች በአምስት መክፈል ይቻላል።

1ኛ. መቀበል። «እግዜር ሲያተርፈን ነው» ብሎ የሚያመሰግን አለ። በመርከብም ቢሆን አዘውትረው የሚጓዙ ሰዎች ወደብ ሲታለፍ «ባሕር ላይ የምናርፍበት አንድ ቀን አገኘን» ብለው የሚደሰቱበት ጊዜ አለ። እነዚህ ሰዎች ጉዞውን እንጂ አንዱን ቦታ ብቻ ብለው አልወጡም።

2ኛ. ሐዘን። ይህ ያን አንድ ቦታ ብሎ የመጣው ነው። ካህነማንና ትቨርስኪ እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት ሥራ እንዳሳዩት ሰው ካገኘው ይልቅ ያጣው ነገር ይከብደዋል። ለገና ታኅሣሥ 29 ላሊበላ ለመዋል የተነሳ ምዕመን በማግስቱ ቢደርስ በዓሉ አልፏል፤ ትኬቱ ይመለሳል፣ ቀኑ ግን አይመለስም።

3ኛ. ጥርጣሬ። «ጠርጥር ከገንፎም ይገኛል ስንጥር» እንደሚባለው መንገደኛው «አየሩ ሳይሆን አውሮፕላኑ ተበላሽቶ ነው» ወይም «ሰው ስላልሞላ ነው» ይላል። አየር ሁኔታን ተጠቃሚው ራሱ ማረጋገጥ ስለማይችል ሰበብ ለማድረግ የሚመች ነገር ነው። አንድ ጊዜ ሰበብ ተደርጎ ከተገኘ ደግሞ እውነተኛው ጉም ራሱ አይታመንም።

4ኛ. ንጽጽር። «ከእኛ በፊት የሄደው አርፏል፤ እኛስ?» ጉም በደቂቃዎች ውስጥ ይወርዳል፣ ይነሳል። ይህን ያልተነገረው ሰው አድልዎ የተፈጸመበት ይመስለዋል።

5ኛ. ቁጣ። ቁጣ ብዙ ጊዜ ብቻውን አይመጣም፤ ከላይ ያሉት ሁለቱ መልስ ሲያጡ የሚደርሱበት ነው። ዋይነር የተባለው የሥነ ልቦና ምሁር እንደሚያስረዳው ሰው አንድ መጥፎ ነገር ሲደርስበት «ማን አደረገው? ማስቀረት ይችል ነበር ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ለጉሙ መልሱ «ማንም» ነው። ለአራት ሰዓት ያለ ማብራሪያ መቀመጥ፣ ውኃ ለሌለው አዳራሽ፣ ስልክ ለማያነሳ ቢሮ ግን መልሱ «እናንተ» ነው። ቢትነርና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1990 ያቀረቡት ጥናትም ደንበኛውን የሚያስከፋው አገልግሎቱ መጓደሉ ብቻ ሳይሆን ከጓደለ በኋላ ሠራተኛው የሰጠው ምላሽ መሆኑን አሳይቷል። ማይስተርም በ1985 ምክንያቱና ማብቂያው ያልተነገረ ጥበቃ ከተነገረው ይልቅ እንደሚረዝም ጽፏል። ይህን ለማወቅ ምሁር መሆን ባያስፈልግም፣ መናኸሪያ ቆሞ «አሁን ይመጣል፣ አሁን ይመጣል» የተባለ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ነገር ሥርዓት አስይዘው ማስቀመጣቸው ይጠቅመናል።

ሰማይ አይከሰስም፤ ቢሮስ?

አባቶች «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይላሉ። ንጉሡን እንተወውና ሰማይ ግን እስከ ዛሬም አይከሰስም። እ.ኤ.አ. የ1999 የሞንትሪያል ስምምነት አየር መንገድ ለመዘግየት ጉዳት ተጠያቂ የሚሆን ቢሆንም፣ ጉዳቱን ለማስቀረት ተገቢውን እርምጃ ሁሉ መውሰዱን ወይም መውሰድ የማይቻል መሆኑን ካስረዳ ከኃላፊነት ነፃ ያደርገዋል።

ነገር ግን ካሳና እንክብካቤ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣው ደንብ ቁጥር 261 በመጥፎ አየር ምክንያት ለተሰረዘ በረራ ካሳ አያስከፍልም፤ ምግብ፣ ማደሪያና ሌላ በረራ ወይም የትኬት ገንዘብ መስጠትን ግን አያስቀርም። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2010 የአይስላንድ እሳተ ገሞራ አመድ የአውሮፓን ሰማይ ሲዘጋ አንዲት መንገደኛ ለቀናት በመቅረቷ ራያንኤርን ከሰሰች። የኅብረቱ ፍርድ ቤት በጥር 2013 የሰጠው ፍርድ እንክብካቤው እንዲህ ባለ ጊዜም ግዴታ ነው የሚል ነበር። ከዚህ የምንማረው ለሰማዩ ተጠያቂ ባንሆን እንኳ ከሰማዩ በታች ለቀረው ሰው ተጠያቂ መሆናችንን ነው።

ያልተቆጠረው ተጎጂ

በክሩዝ ጉዳይ ሁሉም ስለ መንገደኛው ይጽፋል፤ ወደቡ ላይ ቆሞ ስለ ጠበቀው ሰው ግን እምብዛም አይወራም። ወደ 70 ሰው የሚይዝ አንድ ኪው 400 አውሮፕላን ላሊበላ ሳያርፍ ሲመለስ የጠፋው የሆቴሉ ገቢ ብቻ አይደለም። ከማረፊያው እስከ ከተማ የሚያመላልሰው ሾፌር፣ አስጎብኚው፣ በቅሎ አከራዩ፣ ሽማኔው፣ በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ የጎብኚውን ጫማ የሚጠብቀው ልጅ ሳይቀር የዚያን ቀን ባዶ እጁን ይገባል። ለመንገደኛው ትኬቱ ሊመለስለት ይችላል፤ ለጫማ ጠባቂው ግን የሚመልስለት የለም።

ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ኮቪድ፣ በ2013 ዓ.ም. ክረምት ላሊበላ የደረሰው ጦርነት፣ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻም በክልሉ የተነሳው ግጭት ከተማዋን ጎብኚ አሳጥተዋታል። እንዲህ ባለ ጊዜ የመጣ አንድ ጎብኚ ተከፍቶ መመለሱ ከሌላው ጊዜ ይልቅ ያማል፤ የሚያወራው ወሬ ገና ያልመጡትንም ያስቀራልና።

ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ቶሎና በዝርዝር መናገር። «በአየር ሁኔታ ምክንያት» ብቻ ማለት በቂ አይደለም። «ላሊበላ ላይ ጉሙ ማኮብኮቢያውን ሸፍኗል፤ በሦስት ሰዓት እንደገና እናያለን፤ እስከ ስድስት ካልተነሳ በረራው ይሰረዛል» ቢባል መንገደኛው ያዝናል እንጂ አይጠራጠርም። የማይታወቅ ነገር ካለም «ይህን እስካሁን አናውቅም» ማለት ነውር አይደለም።

ሁለተኛ፣ የጉዞው አወጣጥ። አስጎብኚ ድርጅቶች ላሊበላን የመጨረሻ ቀን ላይ ባያደርጉት ይመረጣል። መሀል ላይ ከሆነና መጨረሻ ላይ አንድ ትርፍ ቀን ከተያዘ የቀረው ሊካካስ ይችላል፤ «ከመቅረት መዘግየት ይሻላል» ይባል የለ? ካህነማንና ሌሎች እንዳሳዩት ሰው አንድን ነገር የሚያስታውሰው በጎላው ክፍልና በማብቂያው ነው። መጨረሻው ቅሬታ ከሆነ የጎንደሩም የአክሱሙም ደስታ አብሮ ይደበዝዛል።

ሦስተኛ፣ ምትክ ወደብ። የክሩዝ ድርጅቶች አንዱ ወደብ ሲዘጋ ከቻሉ ሌላ ወደብ ይፈልጋሉ። የእኛ አካባቢ እዚህ ላይ ነው የሚመጣው። ፀጥታው ሲፈቅድ፣ እስከ ኮምቦልቻ በረራ ካለ፣ ከዚያ በደሴ፣ በሐይቅ፣ በውጫሌና በመርሳ አድርጎ ወልዲያ ይደረሳል፤ ከወልዲያ በደልብና በጋሸና ላሊበላ ወደ 180 ኪሎ ሜትር ነው። መንገዱ ራሱ ጉብኝት ነው፦ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም፣ በ1881 ዓ.ም. ውሉ የተፈረመበት ውጫሌ፣ የግሸን ማርያም መገንጠያ፣ የመርሳ ፍራፍሬ። ከአዋሽ በኮምቦልቻ ሐራ ገበያ ድረስ እንዲደርስ ግንባታው በ2007 ዓ.ም. የተጀመረው የባቡር መስመርም ለመንገደኛ አገልግሎት ሲበቃ ሐራ ከጉሙ በታች የምትገኝ ሁነኛ ወደብ ልትሆን ትችላለች። ጥንቃቄ የሚያሻው ግን ምትኩን ከላሊበላ እኩል አድርጎ መሸጥ ነው። «ይኸም ያው ነው» የተባለ ጎብኚ ሁለት ጊዜ ይከፋል። «ላሊበላን አይተካም፤ ቀንዎ ግን ባዶ አይሆንም» ማለት ይሻላል።

አራተኛ፣ ለሚጠብቀው ሰው መደወል። በረራው እንደቀረ ለሆቴሉ፣ ለሾፌሩና ለአስጎብኚው ቶሎ ቢነገር ቢያንስ ሌላ ሥራ መፈለግ ይችላሉ። በውል ውስጥም አስጎብኚው ለቆመበት ቀን የተወሰነ ክፍያ ቢካተት ጉዳቱ በአንድ ወገን ላይ ብቻ አይወድቅም።

ማጠቃለያ

ከላይ ለማሳየት እንደተሞከረው በአየር ሁኔታ የታለፈ ማረፊያ ውስጥ ሁለት ነገሮች ተደባልቀው ይገኛሉ፤ ማንም የማይቆጣጠረው ጉምና እኛ የምንቆጣጠረው አያያዝ። መንገደኛው ብዙውን ጊዜ እነዚህን መለየት አያቅተውም፤ የሚያቅተው ሁለቱን አደባልቀን ስናቀርብለት ነው። ነገ በየአስጎብኚ ቢሮውና በየሆቴሉ የእንግዳ መቀበያ የምንቆመው እኛው የዚህ ትምህርት ክፍል ተማሪዎች ነን። ስልኩ ሲደወልና «ጉም ነው» ስንባል፣ አንድ ጊዜ ወደ መንገደኛው፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ላሊበላ በር ላይ ወደሚጠብቀው ሰው መደወልን ልማድ ብናደርገው፣ ጉሙን ባናስነሳም ሥራችንን ሠርተናል።