ስለ ማዕድን ጠቋሚ ካርታ አወጣጥና አጠቃቀም

ማንኛውም ነጋዴ እንደሚያውቀው፥ ከወደብ የደረሰ ዕቃ የጭነት ሰነዱ ካልተሟላ መጋዘን ውስጥ ተቀምጦ ኪራይ ከመቍጠር በቀር ለባለቤቱ የሚሰጠው ጥቅም የለም። ኮምፒዩተር የሚሠራው የማዕድን ጠቋሚ ካርታም እንደዚሁ ነው። በማዕድን ፍለጋ ሥራ ገንዘቡን የሚያውል ነጋዴ፥ የሚቀርብለትን ካርታ መርምሮ መቀበል ይችል ዘንድ የሚከተለውን ማወቅ ይገባዋል።

ማሽን ለርኒንግ በተባለው ዘዴ ኮምፒዩተሩ በመጀመሪያ ማዕድን መኖሩ የተረጋገጠባቸውን ሥፍራዎች፥ ለምሳሌ በጉጂ ምድር እንደሚገኘው እንደ ለገደምቢ ያለውን የወርቅ ቦታ፥ ምልክታቸውን ይማራል። ምልክቶቹም የአለቱ ዐይነት፥ የምድሩ ስንጥቅ፥ ከአውሮፕላን የተለካው የማግኔት ኀይል፥ የሳተላይት ፎቶግራፍና የአፈር ናሙና ውጤት ናቸው። ከዚያም አገሩን በትናንሽ ካሬዎች ከፍሎ፥ እያንዳንዱ ካሬ የታወቁትን ሥፍራዎች ምን ያህል እንደሚመስል ከ0 እስከ 1 ባለው ቍጥር ያመለክታል።

ይህ ቍጥር በኮምፒዩተሩ ውስጥ እስካለ ድረስ ተራ ሠንጠረዥ ነው። ለሥራ የሚበቃው ጂኦቲፍ በሚባለው የፋይል ዐይነት ሲወጣ ነው፤ ይህ ፋይል የእያንዳንዱን ካሬ ቍጥር ከትክክለኛ ቦታው ጋራ አንድ ላይ ይይዛልና። በባለቀለም ሥዕል ብቻ የተላከ ካርታ ግን ለግድግዳ ጌጥ ይሆን እንደ ሆነ እንጂ ቦታ ለመለካት አያገለግልም። ከፋይሉም ጋራ አራት ነገሮች ተጽፈው ሊደርሱ ይገባል።

1ኛ/ የቦታ መለኪያው ሥርዓት። ኢትዮጵያ ዩ. ቲ. ኤም. በሚባለው አከፋፈል በሦስት ዞኖች ላይ ትውላለች፤ አሶሳ በ36ኛው፥ አዲስ አበባና አዶላ በ37ኛው፥ ጅጅጋ በ38ኛው ዞን ይገኛሉ። የቦታ ቍጥሮቹ በየዞኑ ስለሚደጋገሙ፥ ዞኑ ቢሳሳት ቦታው ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። እንዲህ ያለው ስሕተት ወዲያው ይታያል፤ የሚያታልለው ትንሹ ነው። የቆዩት የአገራችን ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው መነሻ ልክ ሲሆን፥ የዛሬው የሳተላይት ቦታ ጠቋሚ መሣሪያ ግን በደብልዩ. ጂ. ኤስ. 84 ይለካል። ሁለቱ ከ200 ሜትር በላይ ይለያያሉ። የወርቅ ጅማት ስፋቱ ጥቂት ሜትር ብቻ ሊሆን ስለሚችል፥ ልኩ ሳይለወጥ የተቈፈረ ጕድጓድ ባዶ ይወጣል፤ ጥፋቱም ያለአግባብ በምድሩ ላይ ይላከካል።

2ኛ/ የካሬው መጠን። የአንዱ ካሬ ጎን 100 ሜትር ከሆነ ስፋቱ 1 ሄክታር ነው። ካርታውን በመስታወቱ ላይ አጕልቶ ማየት ከዚያ የጠበበ ዕውቀት አይጨምርም።

3ኛ/ ያልተለካው ቦታ ምልክት። መረጃ የሌለባቸው ካሬዎች ብዙ ጊዜ ከዜሮ በታች 9999 በሚል ቍጥር ይመዘገባሉ። ይህ ምልክት ጠፍቶ በዜሮ ቢተካ፥ ማንም ያልመረመረው ምድር ማዕድን እንደሌለው ተቈጥሮ ከፍለጋው ይወጣል።

4ኛ/ የፈተናው ውጤት። ኮምፒዩተሩ ሲማር ካላያቸው የታወቁ ሥፍራዎች ስንቱን በትክክል እንደ ጠቆመ መገለጽ አለበት። ነገር ግን ፈተናው የተደረገው በዚያው በተማረበት ጅማት አጠገብ ከሆነ፥ ለተማሪ መልሱን አስቀድሞ ነግሮ እንደ መፈተን ይቈጠራል፤ የፈተናው ሥፍራ ከመማሪያው ራቅ ያለ ሊሆን ይገባል።

ሰነዱ ከተሟላ በኋላ አጠቃቀሙ ይከተላል። 0.9 የተባለ ካሬ ከመቶ ዘጠና ጊዜ ወርቅ ይሰጣል ማለት አይደለም፤ 0.4 ከተባለው ቀድሞ ይታይ ማለት ነው። ለምሳሌ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የፍለጋ ቦታ በባለ 100 ሜትር ካሬ ቢከፈል 10,000 ካሬዎች ይወጡታል። ከላይኛው ቍጥር ጀምሮ ከመቶ አምስቱ ቢመረጥ 500 ካሬ፥ ማለትም 5 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሆናል። ሳይታዩ ከቀሩት 10 የታወቁ ሥፍራዎች 7ቱ በዚህ ውስጥ ቢገኙ ካርታው መልካም መሪ ነው፤ ግማሽ ሥፍራ እንኳ ባይገኝበት ግን በዕጣ ከመምረጥ አይሻልም።

በተመረጠውም ቦታ በመጀመሪያ የሚላከው የጂኦሎጂ ባለሙያ እንጂ የመቈፈሪያ መኪና አይደለም። ባለሙያው አለቱን ያያል፥ ናሙና ያነሣል፥ ላቦራቶሪው ይመዝናል፤ ቁፋሮው ከዚህ በኋላ ይመጣል። የተገኘው ውጤት፥ ባዶ የሆነውም ጭምር፥ ወደ ኮምፒዩተሩ ተመልሶ ሊገባ ይገባል፤ ያልተመዘገበ ባዶ ጕድጓድ ወጪው ሁለት ጊዜ ነውና።

እንግዲህ ካርታ የሚገዛ ወይም በካርታ ተማምኖ ሽርክና የሚገባ ነጋዴ፥ ከመፈረሙ በፊት እነዚህን አራት ነገሮች በጽሑፍ ይጠይቅ። ሻጩ ሊሰጣቸው ያልቻለ እንደ ሆነ፥ የቀለሙ ማማር ለገንዘቡ ዋስ አይሆነውም።