የሚጠይቅ ማንዋል

በዛሬው የቴክኖሎጂ ገጻችን ስለ መርከብ ማንዋል ላጫውታችሁ ነው። «ፎገራ ላይ ደግሞ ምን መርከብ አለና?» እንዳትሉኝ፤ ነገሩ የጀመረው ከሽንኩርት ማሳችን ነው።

ባለፈው በጋ አባቴ ወረታ ገበያ ሄዶ ሳለ እኔ ጉማራ ወንዝ ዳር ሞተሩን አስነሳሁት። ይጮሃል፣ ውሃ ግን ጠብ አይልም። ዝም ብዬ ጠበቅሁ። ለካ የፓምፑ ሆድ አስቀድሞ ውሃ መሞላት ነበረበት! ውስጡ አየር ብቻ ከሆነ አይስብም፤ ደርቆ ሲዞር ደግሞ ውሃ እንዳይፈስ የሚይዘው ጎሚኒ ይቃጠላል። ተቃጠለም። መለዋወጫው እስኪገኝ አራት ቀን ሙሉ ሽንኩርቱ ጠወለገ። ማንዋሉ እኮ ቤት ነበር፤ ግን በእንግሊዝኛና በቻይንኛ ነው፣ ማን ያነበዋል?

ይህን ለአጎቴ ልጅ ነገርኩት። እሱ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ባለው የማሪታይም ማሰልጠኛ ተቋም የመርከብ ምህንድስና የተማረ ነው። ሳቀና «ባሕር መሃል ጋራዥ የለም፤ አራት ቀንም የለም» አለኝ።

በጦር መርከብ ላይ ሞተሩ፣ ራዳሩ፣ ፓምፑ፣ ሁሉም የየራሱ ማንዋል አለው። ሠራተኛው ደግሞ በየጊዜው ይቀያየራል። ድሮ ማንዋሉ ሁሉ ወረቀት ነበር። የሀገራችን ባሕር ኃይል በ1954 ዓ.ም. ከአሜሪካ የተረከባት፣ የምጽዋዋ «ኢትዮጵያ» የተባለች የማሰልጠኛ መርከብም የወረቀት ዘመን መርከብ ናት። ወረቀት ቦታ ይይዛል፣ ይርሳል፤ አንድ ዕቃ ሲቀየር የድሮውን ገጽ አውጥቶ አዲሱን በእጅ መተካት ግድ ነው። (የጣና ታንኳ ማንዋል የላትም፤ ትምህርቱ ከአባት ወደ ልጅ በእጅ ነው።) ያ ባሕር ኃይል ፈርሶ፣ እንደገና ለማቋቋም በ2011 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋር ስምምነት ተፈርሟል። አዲሶቹ መርከበኞች በወረቀት ብቻ ይማራሉ ብዬ አላስብም።

አሁን ያለው «ኢንተራክቲቭ ኤሌክትሮኒክ ቴክኒካል ማንዋል» ይባላል። ስሙ ይርዘም እንጂ ነገሩ ቀላል ነው። ወረቀቱን ፎቶ አንስቶ ኮምፒውተር ላይ ማስቀመጥ ማለት ግን አይደለም፤ ያ ያው መጽሐፍ ነው። ይሄኛው ይጠይቃል። «ፓምፑ ይዞራል?» ይልሃል። «አዎ» ካልክ ወደ አንድ መንገድ፣ «አይ» ካልክ ወደ ሌላ ይወስድሃል። ሥዕሉን ስትነካው የዕቃው ስምና ቁጥር ይወጣል። ማስጠንቀቂያው ከሥራው በፊት ይመጣል እንጂ ከተቃጠለ በኋላ አይደለም! ሠልጣኙም መርከብ ላይ ሳይወጣ በዚያው ማንዋል ይለማመዳል።

እኔን የገረመኝ ግን የቋንቋው ነገር ነው። መጀመሪያ ለአውሮፕላን ጥገና የወጣ፣ ቀለል ያለ የቴክኒክ እንግሊዝኛ የሚባል ደንብ አለ። አንድ ቃል አንድ ትርጉም ብቻ ይኖረዋል፤ የሥራ ትዕዛዝ የሆነ ዓረፍተ ነገር ከ20 ቃል አይበልጥም። እኛ ጋ ግን «ሞተር» ሲባል አንዳንዴ ሞተሩ ብቻ ነው፣ አንዳንዴ ፓምፑም ቱቦውም አብሮ ነው።

ስለዚህ ከሁለት የክበባችን ልጆች ጋር ሆነን በደብተር ላይ የሚጠይቅ ማንዋል ጻፍን። ኮምፒውተር የለንም፤ «አይ ካልክ ወደ ገጽ 4 ሂድ» እያልን ነው። ሞተር አስነስታ የማታውቀውን እናቴን ሞክሪው አልናት። ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ቆመች። «ቫልቩ ዘግቷል?» ይላል።

«አንተ ልጅ፣ ቫልቭ ደግሞ የቱ ነው?» አለችኝ።

ሰረዝነው። «ውሃ ውስጥ ባለው የቱቦ ጫፍ፣ ከወንፊቱ በላይ ያለው ክዳን» ብለን ሥዕል ጨመርንበት። ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው ደረሰች፤ ውሃውም መጣ።

አሁን ያስቸገረን ጥያቄ 7 ነው፤ ሞተሩ ጥቁር ጭስ ሲያወጣ መጀመሪያ ምን ይታይ? ማጣሪያው ነው የሚልም፣ ናፍጣው ነው የሚልም አለ። ቤታችሁ ሞተር ያላችሁ ልጆች ወላጆቻችሁን ጠይቃችሁ ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ወደ ክበቡ ክፍል ኑ። ደብተሩ እዚያ ነው።